ከመጋረጃ በስተጀርባ

በ1973 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ በደሴ ከተማ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከመጋረጃ በስተጀርባ ቆሜ ነበር። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የአንድ ኪነት ቡድን አባል ነበርሁ። በዚያ ምሽት የሚታየውን ባለ አንድ ገቢር ተውኔት የጻፍሁትም፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ወክዬ የምጫወተውም እኔው ነበርሁ። መጋረጃው ሊገለጥ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ጣቶቼ በረዶ ሆኑ። ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ የሚታገል ይመስል ይደልቃል፤ ጉልበቴም የራሴ አልመስል አለኝ። የጦሳ ብርድ ነው እንዳልል ክፍሉ በሰው ትንፋሽ የታፈነ ነበር፤ ብርድስ ቢሆን ግንባሬን ላብ ስለ ምን ያጠምቀው ነበር?

እውነቱን ለመናገር ያስጨነቀኝ ተመልካቹ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ልምምዳችንን ሊያዩ የመጡ አንድ ኃላፊ፣ ተውኔቱ ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው «ይህን ሲጽፍ ምን አስቦ ይሆን?» አሉት። ጥያቄው ለእኔ አልቀረበም፤ መልስ ስጥ ያለኝም የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ምን ያህል እንደሚከብድ በእነዚያ ዓመታት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየባነንሁ ከኃላፊው ጋር እሟገት ጀመር። በጨለማው ውስጥ ለአንዲቱ ጥያቄ አርባ መልስ አዘጋጀሁ፤ አርባ አንደኛው ሊነጋጋ ሲል ይመጣልኛል። እህል አስጠላኝ፤ ማጅራቴ እንደ ግንድ ደረቀ፤ ሆዴ ይቃጠላል። አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከእጄ ቢወድቅ፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ተማሪ «መምህር፣ አሞዎታል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሆዴን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ጨጓራ ነው፤ ሐሳብ አታብዛ» ብለው ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ሰጡኝ። መድኃኒቱን ወሰድሁ፤ ሐሳብ ማብዛቱን እንዴት እንደምተው ግን እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ስለ ጨጓራ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ማረም ይገባኛል። ያን ጊዜ የጨጓራ ቁስለት የሐሳብ ልጅ ነው ተብሎ በሐኪሞችም ዘንድ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ከሰው ጨጓራ ለይተው አወጡ፤ ከቁስለቱም አብዛኛው የዚሁ ባክቴሪያ ሥራ መሆኑ ቀስ በቀስ ተረጋገጠ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ «በሐሳብ ጨጓራዬን ላጥሁት» የሚለው አነጋገራችን በሕክምና ፊት እንዳለ አይጸናም። ሐሳብና ጨጓራ አይተዋወቁም ማለት ግን አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ለጊዜው አዲስ በነበረው የራጅ መሣሪያ የድመቶችን ጨጓራ ሲመረምር፣ ድመቲቱ በተረበሸች ቁጥር የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ ሲል ተመለከተ። ከዚህ ተነሥቶ ባደረገው ጥናትም ፍርሃትና ቁጣ አካልን ለፍልሚያ ወይም ለሽሽት የሚያሰናዱ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ መንገደኛ በጫካ ውስጥ አንበሳ ቢገጥመው፣ ከኩላሊቶቹ በላይ እንደ ቆብ የተደፉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም በቅጽበት ወደ ደሙ ይረጩለታል፤ ጥቂት ቆይቶም ኮርቲሶል የሚባለው ይከተላል። ልብ ይፈጥናል፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፤ ደም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ሸሽቶ ወደ ጡንቻ ይዘምታል። ለሚሮጥ ሰው ምራቅ ምን ይረባዋል? አፍ ይደርቃል። ይህ ሁሉ የጤና ሥራ ነው፤ ሰውየው ዛፍ ላይ ሲወጣ ወይም ሲበላ ጉዳዩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃልና። ጣጣው የሚመጣው አካላችን አንበሳውንና የአንበሳውን ሐሳብ ለይቶ ባለማወቁ ነው። የኃላፊው ጥያቄ ጥርስም ጥፍርም አልነበረውም፤ ዳሩ ግን ሌሊት ሌሊት እየመጣ ዕጢዎቼን ያዛቸው ነበር። ከዚህ አንበሳ የሚያድን ዛፍ የለም። እንዲህ ያለው ሁኔታ ለወራት ሲቆይ እንቅልፍን ይሰርቃል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በሽታን የመከላከል አቅምን ያዳክማል።

ቋንቋችን ይህን ለማወቅ የራጅ መሣሪያ አላስፈለገውም። ወኔ የከዳውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። መርዶ የሰማ «ወገቤ ተቆረጠ» ይላል፤ የተቆጣ «ደሜ ፈላ»፣ የራራ «አንጀቴ ተላወሰ»፣ ከጭንቅ የወጣ ደግሞ «ነፍሴ መለስ አለች»። የእናቴን ንግግር ሳስታውስ፣ ከአካል ክፍል ጋር ያልተያያዘ ሐዘንም ሆነ ደስታ የነበራት አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ሀብት መካከል እኔ የምጣላው አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ሆድ ነገሩን አይፈጀውም። ነገሩ ነው ሆድን የሚፈጀው። ወንድ ልጅ ችግሩን አያወራም ተብሎ ያደገ የእኔ ትውልድ፣ በተለይም አስተማሪውና የሰው መሪ ለመሆን የተሾመው፣ ይህን አነጋገር እንደ ጀግንነት ይዞት ኖሯል።

በዚያ ሰሞን ራሴን «አታስብ!» እያልሁ አዝዝ ነበር። ትእዛዙ የባሰ አስታወሰኝ እንጂ አላስረሳኝም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ባነበብሁት ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዝዘው እንደ ነበር ተረዳሁ። ተሳታፊዎቹ ድቡን ከአእምሯቸው ማስወጣት ተሳናቸው። ምንም እንኳ ወሎ ነጭ ድብ ባይኖርባት፣ ሁኔታው ምን እንደሚመስል ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ወደ መጋረጃው ልመለስ። ከቡድናችን በዕድሜ የገፉት ተዋናይ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ አጠገቤ ቆመው ሁኔታዬን ይመለከቱ ኖሯል። አይዞህ አላሉኝም። «ግድግዳውን ግፋው» አሉኝ። «የቱን?» ብላቸው «ይኼን ነዋ! አዳራሹን ልታፈርሰው እንደ ተላክህ ሆነህ ግፋው» አሉ። በሁለት እጄ ገፋሁ። «ተወው። አሁን ትንፋሽህን አውጣው፤ ቀስ እያልህ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ። መንጋጋህን ልቀቀው እንጂ ልጄ! ጥርስህን ነክሰህ ማንን ልታናግር ነው?» ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ ግን እንደ ፈረስ ከመጋለብ ወደ ሶምሶማ ወረደ።

የሠሩት አስማት አልነበረም። አየር ስንስብ ልብ ጥቂት ትፈጥናለች፤ ስናስወጣ ጥቂት ትዘገያለች፤ የተራዘመ አወጣጥ የሚያረጋጋውም ስለዚህ ነው። እናቶች እሹሩሩ ሲሉ በረጅም ትንፋሽ የሚያዜሙት ሕፃኑን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም እያስተኙ ይመስለኛል። ጡንቻን አጥብቆ ይዞ መልቀቁን ደግሞ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 መጽሐፍ ጽፎበታል። የቴአትር ሰዎች የሚያውቁት ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪም ስለ ተዋናይ ዝግጅት በጻፈው መጽሐፉ፣ የፒያኖን ጫፍ አንሥቶ የያዘ ተማሪ የማባዛት ሒሳብ እንዲሠራ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚሳነው አሳይቷል። እኔም ለሦስት ሳምንት ፒያኖ ተሸክሜ ነበር ሒሳብ የምሠራው።

መጋረጃው ተገለጠ፤ ተጫወትሁ። ከመጀመሪያው ረድፍ መካከል አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ኃላፊው አልመጡም፤ ምን ሊሉ እንደ ነበረም እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን ስል ፍርሃቴ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጊዜው የሚያስፈራ ነበር፤ ትንፋሽም ጊዜን አይለውጥም። የሚለውጠው ጊዜውን የሚቀበለውን ሰው ነው።

በማግስቱ ጋሼ ቤት ቡና ጠጣን። የሆዴን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግፌ የተናገርሁት ያን ዕለት ነው፤ አቦል ላይ ጀምሬ በረካ ላይ ጨረስሁ። እሳቸው ምክር አልሰጡኝም፤ ሲኒ ብቻ ይሞሉልኛል። ቡናው ራሱ ልብን እንደሚያፈጥን አውቃለሁ፤ ዛሬም በዕድሜዬ ምክንያት ከቶና አላልፍም። የዚያን ሌሊት ግን እስኪነጋ ተኛሁ። ሐሳቡ ለወራት የማይለቀው፣ እህልም ሰውም ሕይወትም ያስጠላው ሰው ካለ ቡናና ትንፋሽ አይበቁትም፤ ያለ ሐፍረት ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂድ። እኛ ያን ጊዜ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረንም።

ከጡረታ በኋላ ወጣት ተዋንያንን አልፎ አልፎ እረዳለሁ። በቅርቡ አንዲት ልጅ ከመጋረጃ በስተጀርባ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጆቿን በብብቷ ሸሽጋ አገኘኋት። ግድግዳውን አስገፋኋት። ትንፋሿን ስታስወጣ ቆየችና «አባባ፣ እርስዎ ግን ስንት ዓመት ሲሞላዎት ነው መፍራት የተዉት?» አለችኝ። በዚያ ምሽት መክፈቻውን ንግግር የማደርገው እኔ ነበርሁ። እጄን ዘርግቼ አስነካኋት። ከእሷ እጅ ይልቅ የእኔው ይቀዘቅዝ ነበር።