ያገለገለ ጋሪ ከነፈረሱ

ለአንዳችን ታናሽ ወንድም መተዳደሪያ ይሁነው ብለን፣ ሦስታችን ያጠራቀምናትን አዋጥተን፣ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከቦዲቲ ያገለገለ ጋሪ ከነፈረሱ ልንገዛ ሄድን።

ሻጩ የጋሪውን ቀለም ያሳየናል። አብረውን የመጡት የቀድሞ ባለጋሪ ግን «ልጆቼ፣ ቀለም አይጎትትም» አሉና ጎማውን ነቅነቅ አደረጉት፤ ኩሽኔታው ተበልቷል። በፈረሱ ደረት ላይ ያለውን ጠፍር ገለጥ ቢያደርጉት ከሥሩ ቁስል አለ።

«ኩሽኔታስ በብር ይለወጣል፤ ቁስል የሚድነው በዕረፍት ነው። ፈረስ ደግሞ ባረፈበትም ቀን ይበላል።»

ዋጋ አስቀንሰን ገዛን። ቁስሉ እስኪደርቅ ላይጠመድ ተስማምተናል፤ እስከዚያው የሣሩና የገብሱ ሒሳብ የኛ ነው። እንግዲህ ዘንድሮ መጽሐፍ እየተዋስን ብናስቸግራችሁ አትታዘቡን።