መልሱ «ሐ» የመሰለኝ ቀን

ትናንት ማታ ለማሳጅ ፈተና እየተዘጋጀች ያለች የቀድሞ ተማሪዬ ይህን የልምምድ ጥያቄ ላከችልኝ፦

«የ52 ዓመት ደንበኛ ከረጅም በረራ በኋላ መጣች። ቀኝ ባቷ ብቻ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነካም ያማታል። ምን ታደርጋለህ?»
ሀ) ወደ ልብ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ማሸት
ለ) በረዶ ከያዙለት በኋላ ማሸት
ሐ) ያን እግር ትቶ ሌላውን አካል ማሸት
መ) ምንም ሳያሹ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መላክ

«ሐ» ብላ ተሳስታለች። «ቲቸር፣ እግሩን ካልነካሁት ምን ችግር አለው?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «ሐ»ን መርጫለሁ፤ ያውም ወረቀት ላይ ሳይሆን ሰው ላይ።

ከዋሽንግተን በገቡ ማግስት የመጡ እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ይሄ እግሬ አስቸግሮኛል፣ በረታ አድርገህ እሸው» አሉኝ። መጽሐፉ «ይቀላል» ስለሚል ቅላት ፈለግኩ። የለም። የኛ ቆዳ ላይ እኮ ቅላት እንደ ፈረንጅ ቆዳ ቶሎ አይታይም! የመንገድ ድካም ነው ብዬ ከደህናው እግር ጀመርኩ። ወደ ሌላው ስሻገር ግን መዳፌ ደነገጠ፤ ባታቸው ከመጀመሪያው ይልቅ ይሞቃል። አቆምኩ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ዛሬ አላሽዎትም፤ አሁኑኑ ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው። እሳቸው ተቆጡ፣ አለቃዬም «ደንበኛ አባረርክ» ብሎ አኮረፈኝ። በማግስቱ ልጃቸው ደወለች። እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ነበር።

የረጋ ደም ሲታሽ ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል። ደህናውን አካል እያሸን የምናባክነው አንድ ሰዓትም ሐኪም ጋ መድረሻ ሰዓታቸው ነው። መልሱ «መ» የሆነው ለዚህ ነው።

ለተፈታኞች፦ ምርጫዎቹን ከማንበባችሁ በፊት «ይህ ሰው ዛሬ መታሸት አለበት ወይ?» በሉ። ቁስል ወይም በለዝ ከሆነ ቦታውን ብቻ ዝለሉ። ትኩሳት ካለው ሌላ ቀን ይምጣ። የካንሰር ሕክምና ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ። ድንገት ያበጠና የሚሞቅ አንድ እግር ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

ለሌሎቻችሁም፦ እንዲህ ያለ እግር ወጌሻም እንዳይነካው፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ በቃ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

መልካም ፈተና!