ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ እስከ ማክሰኞ እንቆይ

ገና አልፎ ጥር ሲገባ የሠርግ ጥሪ ወረቀት በየቤቱ ይከመራል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁሉም መዳር ይፈልጋልና በአንድ ቅዳሜ ሁለትና ሦስት ቦታ የሚጠራ ሰው ብዙ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አዳራሽ አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ሙሽሮቹ ሐይቅ ዳር መዳር ያምራቸዋል፤ ወይም የአንደኛው ወገን ዘመድ በሙሉ ክፍለ ሀገር ይሆናል። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን፣ መኪና ውስጥ ተጣበን፣ ለምሳ ደርሰን፣ አጨብጭበን፣ እሑድ "ነገ ሥራ አለ" እያልን እንመለሳለን። አያት ወገባቸውን ይዘው፣ ልጅ እንቅልፉን ሳይጨርስ፣ ያን ሁሉ መንገድ ለአንድ ከሰዓት በኋላ።

እኔ ባለፉት ስምንት ዓመታት ሐዋሳ ላይ ሦስት ሠርግ በልቻለሁ። ሁለቱ የእህቴ ልጆች ናቸው፣ ሦስተኛው በባለቤቴ በኩል። ከመጀመሪያው ሠርግ ወዲህ በቤታችን አንድ ደንብ አለ፤ ለሠርግ ሐዋሳ የሄደ ሰው ቢያንስ እስከ ማክሰኞ ይቆያል። በሠርጉ ቀን ከዘመድ ጋር እንሳሳማለን፣ እንጎራረሳለን፤ ጨዋታው ግን የሚጀመረው ድምፅ ማጉያው ተነቅሎ ከሄደ በኋላ ነው። ደንቡን ያወጣችው እናቴ ናት። ምክንያቷን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ስለ ጉዞው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሠርጉ ቀን ብቻ ስለሆነ መልሱ መቼ እንደሆነ፣ ቅልቅሉ የት እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የቅርብ ዘመድ ሆኖ መልስ ቀርቶ ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር መገኘት አያምርም፤ ደጋሹ ባይናገርም ያዝናል። ሽርሽሩ ከመልስ በኋላ ይሁን። ከሠርጉ በፊት ጥቂት ቀን ቀድመው ሄደው መዝናናት የሚመርጡ አሉ፣ እኔ አልመክርም። ያ ሳምንት የደጋሾቹ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ እንግዳ ለደከመ ቤት ተጨማሪ ሥራ ነው። ሽንኩርት ልትከትፉ ከሆነ ግን ረቡዕም ግቡ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

እንደምትቆዩም ለደጋሾቹ አስቀድማችሁ ንገሩ። "እስከ ማክሰኞ አለን፣ ማደሪያውም ምግቡም የራሳችን ነው" ካላላችሁ የሙሽራዋ እናት ድካሟ ሳይወጣላት የእናንተን ቁርስ ስታስብ ታድራለች። እነሱ አልጋ የያዙላችሁ እስከ እሑድ ብቻ ከሆነ የቀሩትን ሌሊቶች ራሳችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ በጥር ሐዋሳ ላይ አልጋ ይወደዳል፣ ይጠፋልም። ለአዛውንት ደግሞ ደረጃ የሌለበት ክፍል ጠይቁ። "ሊፍት አለን" የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ሆቴል እንዲህ ብሎን እናቴን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በወንበር ተሸክመን አውጥተናታል።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ጉልበትና ወገብ ለሚያማቸው ወላጆች ልጆች አዋጥተው ትኬት ቢቆርጡላቸው ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ደክመው ሳይሆን አምሮባቸው ይገባሉ። በመኪና የምትሄዱ ዓርብ ጠዋት ውጡ። እስከ ሞጆ በአዳማው የፍጥነት መንገድ፣ ከሞጆ ወደ ባቱ ደግሞ በአዲሱ ፈጣን መንገድ ስትሄዱ ድሮ መቂ ላይ የነበረውን የጋሪና የአህያ ግርግር አታገኙትም። ከዚያ በኋላ ግን ባጃጁም ከብቱም መንገዱን ይጋራልና ሹፌራችሁን "ቀስ በል" በሉት። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ጠይቃችሁ ውጡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ግቡ።

ባቱ ላይ፣ እኛ ትልልቆቹ ዛሬም ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ ለአንድ ሰዓት ውረዱ። የሐይቁ ዳር ላይ ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ማየት ለልጅ ከማንኛውም ቴሌቪዥን ይበልጣል። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት፤ በትልቁ በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። ዓርብ ዕለት ግን አትጀምሩት፣ ጀልባው ቀኑን ይበላዋል።

ሐዋሳ ስትገቡ ሙቀቱ ደስ ይላል፤ ከአዲስ አበባ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለችና ካፖርት አያስፈልግም። ምሽት ላይ ግን ለአረጋውያን ጋቢ ያዙ። የወባ ነገር አለና ከውጭ የመጡ ልጆች ያሏችሁ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ፤ ከመምጣታቸው በፊትም ሐኪማቸውን ያማክሩ።

እሑድ መልሱ እስኪደርስ ጠዋቱ የናንተ ነው። 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሂዱ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ወጣቶቹ ቢላ ስለው ቆሮሶና አምባዛ ይገፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ እንደ ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው ተራ ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ልጅ አያንስም፤ የወንድሜ የልጅ ልጅ ከአሜሪካ በመጣበት ዓመት አንዱን አይቶ አያቱ ቀሚስ ውስጥ ተደብቋል። የዓሣ ሾርባና የተጠበሰ ቆሮሶ እዚያው ይገኛል። ጥሬውን በዳጣ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ለልጅና ለአረጋዊ አልሰጥም። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ፣ ሥራቸው ደግሞ ሙዝ የሚቀሙ ጦጣዎች። ከዚያ በፍቅር ሐይቅ በኩል በዛፎቹ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ መራመድ ምርኩዝ ለያዘ ሰውም አይከብድም። ጉማሬ ለማየት ጀልባ የሚወጣ ሰው የሕይወት ጃኬት ካልተሰጠው አይሳፈር። ታቦር ተራራን ለወጣቶቹ ተዉላቸው።

ሰኞ የቤተሰቡ ቀን ነው። እኛ የምንሄደው ወንዶ ገነት ነው፤ ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ያሠሩበት ቦታ ነው። ፍል ውሃው ከተራራው ሥር ይወጣል፣ ዙሪያው ደን ነው፣ ወፉ ብዙ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መዋኛው ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ።

የእናቴ ደንብ የወጣው እዚህ ነው። እናቴ አዲስ አበባ፣ ታላቅ እህቷ ዲላ ይኖሩ ነበር፤ በመጀመሪያው ሠርግ ጊዜ በአካል ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ቅዳሜ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል፣ የአረጋውያኑ ረድፍ ደግሞ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው "ምን አልሽ?" ሲባባሉ ዋሉ። እሑድ በመልሱም እንዲሁ። ሰኞ ጠዋት ልንመለስ ዕቃ ስንጭን ወንድሜ "እነዚህን ሰዎች እንዲህ አድርገን አንለያያቸውም" አለና ኮስትሩን ወደ ወንዶ ገነት አዞረው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እግራቸውን ለብ ያለው ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀመጡ። ሻይ ሳመላልስ ቁርጥራጩን ሰማሁ። የሚያወሩት ስለ አያቴ ሞት ነበር። አያቴ ይርጋለም ያረፈችው እኔ በተወለድኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እናቴ አራስ ስለነበረች አልተነገራትም፤ መርዶው የደረሳት ሰማንያ ቀኔ ሞልቶ ክርስትና ከተነሳሁ በኋላ ነው። ቀብሩንም አርባውንም አላየችም። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በለቅሶም በደስታም ሲገናኙ ነገሩን አንስተውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ሰው ይበዛል፣ ሁልጊዜ አንዷ ትቸኩላለች።

አክስቴ የመጨረሻውን ሳምንት ከቀን ወደ ቀን ነገረቻት። ማን እንዳስታመማት፣ ማን እንዳጠባት፣ በየትኛው ነጠላ እንደተጠቀለለች። እናቴ ዝም ብላ ሰማችና፣ "እትዬ፣ ስሜን ጠርታ ነበር?" አለች።

"ጠርታለች እንጂ። 'ወለደች ወይ?' አለችኝ። መልእክቱ ደርሶን ነበር፣ 'አዎ፣ ሴት' አልኳት። 'እሰይ' ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያን ዕለት ደህና አደረች።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ቆይታ ቡና ይፈላልን አለች።

በማግስቱ ማክሰኞ ይርጋለም ወረድን፤ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሐዋሳ ከመተካቷ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ይርጋለም ናት። መቃብሩ ላይ የነበረው ድንጋይ ጠፍቷል፣ አክስቴ ግን ቦታውን በዛፉ ታውቀዋለች። እናቴ እዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመች። በሁለተኛው ሠርግ አክስቴ አልነበረችም።

የእናንተ ቤት ጉዳይ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የውርስ ነገር፣ የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ ወይም አያቱን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ። ስለዚህ ሰኞን በፕሮግራም አታጭቁት። አንድ ቦታ ይበቃል። "እዚህ ድረስ ከመጣን አርባ ምንጭንም እንይ" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ መንገዱ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ አረጋውያኑም የሚያዩት የመኪናውን ወንበር ጀርባ ነው። ወጣቶቹ ለብቻቸው ይሂዱ።

አንድ ቀን የሚተርፋችሁ ካላችሁ ግን ወደ ዲላ አቅጣጫ ቀጥሉ። መንገዱ በእንሰትና በቡና መካከል ያልፋል። በጥር ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይታያል፤ ከሲኒ ውጭ ቡና አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ይህ ራሱ ትምህርት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከዲላ አልፎ ቱቱ ፈላ ላይ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች አሉ። ሲዳማ ቤት ቡርሳሜ ከቀረበላችሁ አትለፉት፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ ነው። ጨጓራ ያለበት ግን ቅቤውን ያስብበት።

ልጆቹ "መዋኘት፣ መዋኘት" ሲሉ እስከ ላንጋኖ አስታግሷቸው። ሐዋሳና ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ መንከር አይመከርም። ላንጋኖ ከዚህ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። ውሃው ቡናማ ነው፣ የውጭዎቹ ልጆች መጀመሪያ "ቆሻሻ ነው" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማውጣቱ ጭንቅ ይሆናል። እኛ ማክሰኞን እዚያ አድረን ረቡዕ ከቁርስ በኋላ እንነሳለን። ከመንገዱ ማዶ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከበሩ ሳይርቁ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ይታያል። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። አብጃታ ግን ሸሽቷል፤ እኔ በወጣትነቴ ያየሁት ዳርቻ ዛሬ ደረቅ መሬት ሆኗል። ለልጅ ልጆቼ ያንንም አሳየኋቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እኛ ጥሪው እንደተሰማ በየወሩ የምናዋጣበት ትንሽ የቤተሰብ ዕቁብ አለን፤ አንድ ሰው ይይዛል፣ ኮስትሩም ማደሪያውም ከዚያ ይከፈላል። ሲመለሱ ኪስ የጎዳው ዘመድ አይኖርም፣ "እኔ ከፈልኩ፣ አንተ ከፈልክ" የለም። ጡረተኛ አባልም ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም።

ስትመለሱ ባቱና መቂ አካባቢ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፓፓያ ግዙ። ዓሣ የምትገዙ ከሆነ ግን በረዶ ያለው ሳጥን ይኑራችሁ፣ የሀገር ልብሱንም ከሱ አርቃችሁ ጫኑ፤ አለዚያ እስከሚቀጥለው ሠርግ ዓሣ ዓሣ ይላችኋል።