ጥፋቱ የስልኩ አይደለም

ልጁ ከደብረ ብርሃን ለዕረፍት ራቤል የገባው ላፕቶፑን ታቅፎ ነው። አጎቱ ባና ሸማኔ ናቸው። ለእሳቸው የሠራውን ድረ ገጽ ሊያሳያቸው ቸኩሏል፤ የባናዎቹ ፎቶ ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ያልፋል። ላፕቶፑ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። በአጎቱ አሮጌ ስልክ ሲከፍተው ግን ስታክ ያደርጋል፤ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይቆማል።

«ተወው ልጄ፣ ስልኬ አርጅቶ ነው» አሉት፣ ትንሽ አፈር ብለው።

ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳው ይኼ ነው። ኮዱን የጻፈው እሱ፣ ያፈሩት እሳቸው!

ተነስቶ ኮዱን ከፈተ። «በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ፎቶውን 2 ፒክስል ግፋ» ብሎ ሴት ኢንተርቫልን አዟል። የብዙ ስልክና ላፕቶፕ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ 1000 ለ60 ሲካፈል ደግሞ 16.67 ነው። ሁለቱ እኩል ስለማይራመዱ አልፎ አልፎ በአንድ ፍሬም ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገፋል። ላፕቶፑ ላይ ዓይን ላያስተውለው ይችላል። አቅመ ደካማው ስልክ ላይ ግን ሌላም አለ፦ ብሮውዘሩ በሥራ ሲጠመድ ሰዓት ቆጣሪው ተራ ይጠብቃል። በዘገየ ቁጥር ፎቶውም አብሮ ወደ ኋላ ይቀራል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ፋየርፎክስ 4 ጀምሮት ዛሬ ዋና ዋና ብሮውዘሮች ሁሉ ያላቸው ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም ነው። ብሮውዘሩ ራሱ «አሁን ልስል ነው፣ ያለህን አቀብለኝ» ብሎ ይጠራሃል። ገጹ ከዓይን ሲሰወርም መጥራቱን ያቆማል፤ ባትሪ ይተርፋል።

ጠዋት አጎቱን ሥራ ላይ አገኛቸው። በእግራቸው ሲረግጡ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ያኔ ያልፋል። በልባቸው እየቆጠሩ ቢወረውሩት ኖሮ ክሩን ይበጥሰው ነበር።

አንድ ነገር ቀረው። በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ላይ «በየፍሬሙ 2 ፒክስል» ቢል ፎቶው በእጥፍ ይሮጣል። ስለዚህ ፍሬም መቁጠሩን ትቶ ያለፈውን ጊዜ ለካ፤ ፎቶው በሰከንድ ስንት ፒክስል መሄድ እንዳለበት ወሰነ። ማንቀሳቀሱንም ከሌፍት ወደ ትራንስፎርም አዞረው፤ ብሮውዘሩ በየእርምጃው የገጹን አቀማመጥ እንደ አዲስ ከማስላት ዳነ።

በአሮጌው ስልክ አሁንም እንደ ላፕቶፑ አይፈስም። ግን መንገጫገጩ ቀርቷል፣ በሰዓቱም ይደርሳል።

«ስልኬን ምን አደረግኸው?» አሉ አጎቱ።

«ምንም ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነበር።»

ውድ ስልክ ላይ ብቻ ሞክሮ የሚለቅ ባለሙያ ይህን ቃል ሳይናገር ይኖራል። ገጠር ያለው ሰው ደግሞ የገዛ ስልኩን እየረገመ ይዘጋዋል። ድረ ገጽ የምትሠሩ፣ ሥራችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ከዘመድ ስልክ ሁሉ አሮጌውን ተዋሱ።