ድንች በበዓል ማዕድ

የምግብን ክብር የሚወስነው ጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ የሚበላበት ቀንም ነው። በጠምባሮ ዋና ከተማ በሙዱላም ሆነ ከዚያ እስከ ሆሳዕና ባለው አገር፣ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ የመስቀል ሰሞን ባለማዕረጎች ናቸው። ድንች ግን የክረምት ሎሌ ነው፤ ተቀቅሎ፣ በጨውና በሚጥሚጣ ተነክቶ፣ ቆሞም ቢሆን ይበላል። በዓል ሲመጣ ወደ ጓዳ ይመለሳል።

ይህ ዕጣ ከታሪኩ የመጣ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ነው ይባላል። ገበሬው ግን እንግዳውን ወዲያው አላቀፈውም። በስፋት ወደ ማሳው ያስገባው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሞፈር የሚጎትት በሬ በጠፋበት ዘመን ነበር። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ድንች ግን በሦስትና በአራት ወር ለድስት ይበቃል። ስለዚህ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ባልደረሰበት ወር ቤተሰብን የሚያሻግረው እርሱ ሆነ። ረሃብን ያስታገሠ ምግብ ግን ረሃብን ያስታውሳልና፣ ጥጋብ ሲመጣ ስሙን የሚያነሣ የለም።

ለሌሎቹማ ማኅበር አላቸው። በሐዲያ ለያሆዴ በዓል ወንዶቹ «ቱታ» በሚሉት ማኅበር ለበሬ መግዣ ሲያዋጡ፣ ሴቶቹ በ«ዊጆ» ቅቤ ያጠራቅማሉ። አይቡም ከዚያው ከሴቶች ድካም ይወለዳል፤ ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ይሞቃል፤ አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት ስምንት ሊትር ያህል አሬራ ይጠይቃል። ለድንች ያዋጣ ማኅበር ግን አልተሰማም።

እንግዲህ እነዚህን በአንድ ምጣድ ማስታረቅ የባለሙያ ሴት ጥበብ ነው። ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ውሃ እንዳይጠጣ ነው። ትኩሱን ተልጦ ይደቀቅና በጨው፣ በኮረሪማና በጥቂት ንጥር ቅቤ ይታሻል። የተከተፈው ሥጋ ከሽንኩርትና ከሚጥሚጣ ጋር መረቁ እስኪደርቅ ይጠበሳል። አይቡ ውሃው በጨርቅ ተጠልሎ ይወጣለታል፤ እርጥበት የቀረበት እንደሆነ ድርቡ ይንሸራተታልና። እንደ ፈረንጅ አይብ ቀልጦ አይሳብም፤ በመካከል ነጭ ሆኖ ይቆያል እንጂ።

መጋገሪያው ምድጃ ባይኖርም ችግር የለም። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ስልት ይበቃዋል። ኮባው እንዳይቀደድ በእሳት ይለበለብና በምጣዱ ላይ ይነጠፋል። በመጀመሪያ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ድንች፣ ቀጥሎ ሥጋው፣ ከዚያ አይቡ፣ በመጨረሻም እንደገና ድንች ይደረደራል። በኮባ ተሸፍኖ ከታችም ከላይም እሳት ይደረግለታል። የእንሰቱ ቅጠል፣ የድሮው ባላገር፣ እንግዳውን ድንች በእጁ አቅፎ ያበስለዋል።

ከእሳት እንደወጣ መቁረጥ አይገባም፤ ረገብ ብሎ መርጋት አለበት። ቢላዋው ሲያርፍበት የያንዳንዱ ድካም በየረድፉ ይታያል፤ የበሬው መዋጮ፣ የእናቶች አሬራ፣ ከጭቃ የተቆፈረው ድንች። ዓይን ወደ ሥጋው ይሮጣል። ታችኛው ድንች ቢነሣ ግን ሥጋውም አይቡም ይበተናሉ።

ለመስቀል የመጡ አዛውንት ከክትፎው ጎን ያዩትን ባዕድ ምግብ አመልክተው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» ቢሉ፣ የቤቱ እመቤት «ሐምሌን ያሻገረን ነው፣ አባባ፤ ዛሬ እርሱም ይቀመጥ ብዬ ነው» ብላ ቆርሳ ታጎርሳቸው።