የጠፉ ደብዳቤዎች

እናቶቻችን ደብዳቤን በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን ግርጌ ያስቀምጡ ነበር። የሣጥኑም ቁልፍ ከአንገታቸው አይለይም። የእኛ ትውልድ ግን ደብዳቤውን ኮምፒውተር ውስጥ አኖረ፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ ልጅም አዋቂም ይነካዋል። በአገልጋይ ቤት ኢሜይል ማለት የሰላምታ መለዋወጫ ብቻ አይደለም። የጸሎት ርእስ አለበት፣ የትዳር ምስጢር አለበት፣ የስደተኛ እንባ አለበት።

በ1999 ዓ.ም. በቤታችን የነበረው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ነበር። ኢሜይላችንን የምናነበውም አውትሉክ ኤክስፕረስ በተባለው ፕሮግራም ነበር። ባለቤቴ ደብዳቤዎቹን በየፎልደሩ ለይቶ አስቀምጧል። ከእነርሱም አንዱ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት የምትኖር የአጥቢያችን እኅት የጻፈቻቸው ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሊባኖስ 34 ቀን የቆየው ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ያሳለፈችውን ሁሉ በዝርዝር ጽፋልን ነበር።

የ13 ዓመት ልጃችን ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ስለሆነበት «ላጽዳው» ብሎ ሦስት ፎልደሮችን ሰረዘ። የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትንም ቦታ ባዶ አደረገው። ማታ አባቱ ሲከፍተው ደብዳቤዎቹ የሉም። ልጁ ነገሩን ሲረዳ ወደ ጓዳ ገብቶ ዝም አለ። የባለቤቴም ፊት ተለዋወጠ።

ወዲያው የኮምፒውተር ሙያ ላለው አንድ ወንድም ደወልን። መልሱ አጭር ነበር፦ «አሁኑኑ ዝጉት። ምንም አትጻፉበት፤ አዲስ ፕሮግራምም አትጫኑበት።» ምክንያቱንም አስረዳን። ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ቦታው ነጻ መሆኑን ይመዘግባል እንጂ ጽሑፉን ወዲያው አይፍቀውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያል። እንግዲህ ፈጽሞ የሚያጠፋው ከስረዛው በኋላ በላዩ ላይ የምንጽፈው ነው።

ይህን ስሰማ ያሰብሁት ጓዳ ስላለው ልጅ ነበር። የልጅ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነው። በላዩ ላይ በቁጣ የምንጽፈው ቃል ግን «አንተ የማትረባ» የሚል ከሆነ፣ ከሥሩ የነበረውን መልካም ነገር ሊሸፍነው ይችላል። ባለቤቴም ይህን ሳይረዳው አልቀረም፤ ያን ምሽት ምንም ሳይናገር ጸልዮ ተኛ።

በማግስቱ ወንድም ቤታችን መጣ። የምእመናን ምስጢር ስላለበት ኮምፒውተሩን ወደ ሱቅ አልወሰድነውም። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። በአውትሉክ ኤክስፕረስ እያንዳንዱ ፎልደር ራሱን የቻለ አንድ ፋይል ነበርና፣ በመፈለጊያ ፕሮግራም ሁለቱን በሙሉ አገኛቸው። ባለቤቴ ልጁን ጠርቶ ከአጠገቡ አስቀመጠው፤ አብረው ሲያዩ ዋሉ። የቤይሩቱ ፎልደር ግን ግማሹ ተበላሽቶ ነበር። ለእኅታችን ጻፍንላት፤ እርሷ ዘንድ የተረፉትን መልሳ ላከችልን። ያልተመለሱም አሉ።

በኤርምያስ 36 ላይ ንጉሡ ኢዮአቄም የነቢዩን ጥቅልል በቢላዋ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው። እግዚአብሔር ግን ኤርምያስን እንደገና እንዲጽፍ አዘዘው። ባሮክ ሁለተኛውን ጥቅልል ጻፈ፤ የመጀመሪያውን የሚመስል ብዙ ቃልም ተጨመረበት። አምላካችን ከተቃጠለው በኋላ እንደገና የሚያስጽፍ አምላክ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ያ ፕሮግራም ቀርቷል፤ ጥንቃቄው ግን አልቀረም። በጂሜይል የተሰረዘ ደብዳቤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆያልና ፈጥናችሁ እዚያ ፈልጉ። ኤስኤስዲ በተባሉት አዳዲስ ማከማቻዎች ላይ የተሰረዘ ፋይል ብዙውን ጊዜ ወዲያው ስለሚጸዳ፣ እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ የምትሳሱለትን ሁሉ በሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ለልጆችም የራሳቸውን መግቢያ ክፈቱላቸው፤ የሰው ምስጢር ያለበትን በይለፍ ቃል ዝጉ። ጥፋት ሲደርስ ግን አስቀድማችሁ እጃችሁንም አንደበታችሁንም ሰብስቡ። ደብዳቤ ከላኪው ሊገኝ ይችላል፤ ልጅ ግን ሌላ ግልባጭ የለውም። ጌታ ትዕግሥትን ያብዛልን።