ቅዳሜን በዲላ

ዲላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንደኔ የመኪና ሰዓት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፣ ሞጆ እያልኩ መንገዱን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ዓርብ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ፣ የጠመኔው ብናኝ ከእጄ ሳይራገፍ መናኸሪያ ነኝ። ማታ እናቴ ቤት እራት እበላለሁ። ቅዳሜን ተኝቼ እውላለሁ። እሑድ ጎህ ሲቀድ እንደገና መንገድ። ሰኞ ክፍል የሚገባው እኔ ሳልሆን የተንገላታው ወገቤ ነው። በወር ሁለቴ እንዲህ ነበር። የቀሩትን ቅዳሜዎች ደግሞ የሚቀጥለውን ጉዞ እያሰብኩ እጨርሳቸዋለሁ።

«ዲላ እንዴት ነው?» ሲሉኝ፣ «ቡናው ጥሩ ነው» እል ነበር። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ እኮ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት እንግሊዛዊት በጎ ፈቃደኛ መጣችልን። ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ ሰላም ጓድ በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲገባ ከ270 በላይ ወጣቶች ይዞ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ታላላቆቻችን እንግሊዝኛውን ከእነሱ ተማሩ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ደግሞ በዚያው እንግሊዝኛ «ውጡልን!» እያሉ በሰልፍ ጮኹባቸው። እኛም የራሳችን ነበረን። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ ማሠራት ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አዘመተ። ልዩነቱ አንድ ነው። የኛዎቹ ተላኩ፤ እነዚያ መጡ። እኔ ራሴ ዲላን የመረጥኩት በዕጣ ነው። ዕጣ መምረጥ ከተባለ።

የዚህችን ሴት ነገር መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቴሌ ቤት ነው። ያኔ ሞባይል የለም። ትመዘገባላችሁ፣ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ስማችሁ እስኪጠራ ትጠብቃላችሁ። «አዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር!» ይባላል፤ እገባለሁ። «እንግሊዝ፣ ሦስት ቁጥር!» ትገባለች። አንድ ዓርብ እኔ መኪና አምልጦኝ ለእናቴ «ዛሬ አልመጣም» ስል፣ እሷ ከጎኔ ካለው ሳጥን ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። እኔም የተናደድኩ ስለነበርኩ መልኬ ከእሷ ብዙም የሚሻል አልነበረም። ሁለት አገር የናፈቃቸው ሰዎች ቡና ሊጠጡ ሄዱ።

«እናቴ ታማለች፤ ከባድ አይደለም ይላሉ፤ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት» አለችኝ። ላጽናናት ስዘጋጅ፣ «ነገ ድንጋዮቹን ለማየት እንሄዳለን፤ ትመጣለህ?» አለችኝ።

የምን ድንጋዮች? ሁለት ዓመት የኖርኩበትን አገር ድንጋይ፣ ገና ስምንት ወር ያልሞላት ሴት ልታሳየኝ ነው!

በማግስቱ የጌዴኦ ተወላጅ የሆነው ባልደረባችን መርቶን በቅጥቅጥ ወናጎን አልፈን ወረድንና ሽቅብ በእግር ተያያዝነው። ጌዴኦ ውስጥ በእግር ያልሄደ ሰው ጌዴኦን አላየም። ከአስፋልቱ ሲታይ ጫካ ነው። ሲገቡበት ግን የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጥላ ቡናው፣ ከቡናው ግርጌ ጎመኑና ቦዬው። ምንም ባዶ መሬት የለም፤ ግን የተመነጠረ ነገርም አይታይም። ቱቱ ፈላ ስንደርስ ድንጋዮቹ እንደ ሰው ተሰብስበው ቆመዋል። አንዳንዶቹ ፊት አላቸው። በጌዴኦ ምድር እንዲህ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትክል ድንጋዮች አሉ። ሳካሮ ሶዶ ላይ የተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ከእነዚህ መካከል ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጉ እንዳሉ አሳይቷል። እኔ ከእነሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቄ ተማሪዎቼን ስለ አክሱም ሐውልት ድርሰት አስጽፍ ነበር።

በመመለሻችን አንዲት እናት ቤት አስገቡንና ቆጮ በጎመን አቀረቡልን። እንግሊዛዊቷ በጌዴኦኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። እሳቸው ከት ብለው ሳቁና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በአማርኛ «እንደምን ዋሉ» አልኩ። ባልደረባችን አስተረጎመልኝ። ልብ በሉ፤ ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ። የሁለታችንንም እናት አገር ጠየቁን። አንዱ እንግሊዝ፣ አንዱ አዲስ አበባ ተባሉ። «ሁለታችሁም እናት ርቋችኋል» ብለው በሐዘኔታ ቆጮ ጨመሩልን፤ እኩል እኩል አድርገው።

መንገድ ላይ ባልደረባችን ስለ ሶንጎ፣ ሽማግሌዎቹ ስለሚሰበሰቡበት ሸንጎ፣ ስለ ባሌም ያወራልን ጀመር። ባሌ የጌዴኦ የዕድሜ እርከንና የአስተዳደር ሥርዓት ነው፤ እንደ ጎረቤቶቹ ገዳ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግር። «ምን አልክ?» አልኩት። ደገመልኝ። እግሬ ቆመ።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ «የአባቴ ትዝታ» በሚል ርዕስ ድርሰት ጽፎ ነበር። «አባቴ በባሌ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው» ይላል። እኔም በቀይ ስክሪብቶ «ባሌ ከዚህ በጣም ሩቅ ነው፤ አባትህ መቼ ነው እዚያ የኖሩት? ከርዕስህ አትውጣ» ብዬ ጽፌ፣ «ሲ» ሰጥቼ መለስኩለት። ልጁ ምንም አላለኝም። ለመምህር ምን ይባላል? ሰኞ ፈለግኩት። ተመርቆ ሄዷል። የት እንደተመደበ የሚያውቅ አላገኘሁም። እስከ ዛሬም የዚያ ልጅ አባት በእኔ ቀይ ቀለም ከአገሩ ተነቅሎ ባሌ ተራሮች ላይ እንደቆመ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴን አልተውኩም። በወር አንዴ መሄዴ አልቀረም። በተረፉት ቅዳሜዎች ግን ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ቡሌ ወጣሁ። እናቴ መጀመሪያ ቅር አላት። «ፈረንጇ አስኮበለለችህ» አለች። የይርጋጨፌ ቡና ይዤላት ስሄድና ያሉትን ያሉኝን ስነግራት ግን «እኔን እናት አድርገው ቆጮ ያበሉልኝን ሴትዮ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅክም?» ብላ ተቆጣችኝ። አልጠየቅኩም ነበር።

ፈረንጇን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሁለት ዓመቷን ጨርሳ ትሄዳለች፤ ደሞዙን ለእናቱና ለእኅቶቹ የሚያካፍል የኛ መምህር ግን ቅዳሜው የራሱ ብቻ አይደለም። ለሽርሽርም እንግድነት ይመቻል። ነገር ግን እሷም ናፍቃ ነበር፤ ቴሌ ቤት ያየሁት ዕንባ የውሸት አልነበረም። ናፍቆቷን ይዛ ነው የወጣችው። እኔ ናፍቆቴን ሰበብ አድርጌው ኖሬያለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ዜናው የሚጠራቸው ቦታዎች ለእኔ የካርታ ስም አልነበሩም። ኮቸሬ ሲባል የቆጮው ሽታ መጣብኝ። አገር መናፈቅ ምን እንደሆነ የሚያውቁት መኪና ያመለጣቸው ሰዎች እንዳልሆኑ ያኔ ገባኝ። በመስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደግሞ ደስ ብሎኝ ስልኬን አነሳሁ፤ ለእናቴ ልደውል። ካረፈች ቆይታለች።

ባለፈው ሰሞን የእኅቴ ልጅ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ልትሰናበተኝ መጣች። ከላይ ያለውን ሁሉ፣ የቀዩን ስክሪብቶ ሳይቀር፣ ነገርኳት። «የመጀመሪያውን ቅዳሜ እዚያው ዋዪ። ከተማሪዎችሽ የአንዷን ሰፈር እይ። ማታ እናትሽ ጋ ደውለሽ አልቅሺ፤ ሁለቱም ይቻላል» አልኳት።

በጥሞና ሰማችኝ።

«እሺ ጋሼ» አለች። «ግን አውሮፕላኑ በሳምንት ስንት ቀን ነው?»